ስሌታችን ወደ የትኛው ወገን ይሳሳታል?



ኮምፔንሳቶ በገጹ ቃጫ አቅጣጫና በአግድሙ ሲታጠፍ ግትርነቱ እኩል አለመሆኑን አናጢ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ጠፍጣፋ አኒሶትሮፒክ እንለዋለን። ቃጫው ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆኖ አራቱም ጠርዞች በተራ ድጋፍ ላይ ካረፉ፣ የንዝረቱ ድግግሞሽ በአንድ ቀመር ይገኛል። በሰያፍ ከተቆረጠ ግን መታጠፍ መጠምዘዝን ያስከትላል፤ ያ ቀመርም አይሠራም።

ያን ጊዜ የምንጠጋው ወደ ሪትዝ ዘዴ ነው። ስዊሳዊው ዋልተር ሪትዝ ዘዴውን በጠፍጣፋ ንዝረት ላይ ያዋለው በ1909 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ገና በ31 ዓመቱ አረፈ። በዘዴው መሠረት ከድጋፉ ጋር የሚስማሙ ቅርጾች ይመረጣሉ፤ ድምራቸው ዝቅተኛውን ድግግሞሽ እንዲሰጥ የየአንዳንዱ ድርሻ ይወሰናል። ሆኖም ጠፍጣፋውን በጥቂት ቅርጾች ብቻ እንዲታጠፍ ስናስገድደው ከተፈጥሮው ይልቅ እናገትረዋለን። ስለዚህ የቁሱ መለኪያ ትክክል እስከሆነ ድረስ፣ ለዝቅተኛው ድግግሞሽ የምናገኘው መልስ ከእውነተኛው አያንስም። አንድ የሳይን ቅርጽ ብቻ የወሰደ ሰውማ መጠምዘዙ ጨርሶ እንደሌለ ይቆጠርለታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚህ ንጹሕ ቁጥር ተደስቼ ነበር!

በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይነቀንቃል። ስሌታችን የጠፍጣፋው ዝቅተኛ ድግግሞሽ 28 ነው ቢለን ልባችን ያርፋል። እውነተኛው ግን ከዚያ በታች ነው፤ ራሱ 25 ሊሆን ይችላል። ስሌቱ 22 ቢለን ኖሮ፣ ቢያንስ ይህ ድግግሞሽ ከሞተሩ ጋር እንደማይገጥም እርግጠኞች በሆንን ነበር። እንግዲህ ቅርጾቹን ከ4 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 16 እያበዛን ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም መጠበቅ ግድ ነው። በሰያፍ ቃጫ ላይ አወራረዱ አዝጋሚ ነው፤ ሳይኖቹ ጠርዙን ከመነሣት ቢያግዱትም በዚያው ጠርዝ ላይ የሚቀረውን የመታጠፍ ጫና ባዶ ማድረግ አይሆንላቸውምና።