ባለስንት ሻማ ነው?



ሰሞኑን አንድ የድሮ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሥራው ከመንገድ መብራት ጋር የተያያዘ ነው፤ መሥሪያ ቤቱን ግን አልጠራላችሁም። «አሮጌዎቹን አምፖሎች አንስተን በኤልኢዲ ልንቀይር ነው፤ ሕዝቡ እንዲያውቀው የ45 ሴኮንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ጻፍልን» አለኝ። ቀላል መሰለኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። «ኃይል ቆጣቢ የመንገድ መብራት» ብዬ ጀመርኩ፣ «ለብሩህ ነገ» ብዬ ጨረስኩ። ከበስተኋላ ክራር፣ መጨረሻ ላይ የልጆች ሳቅ። እናንተም እኮ ሰምታችሁታል፤ እኔ ባልጽፈው ሌላ ሰው ጽፎታል።

በማግስቱ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤት ስገባ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ በቆሎ የሚጠብሱት እናት ዘንድ ቆምኩ። ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። ፍሙ ፊታቸውን ከሥር ያበራዋል፤ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። በቆሎው እስኪደርስ ልሞክረው ብዬ ማስታወቂያዬን በስልኬ ብርሃን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ማራገቢያቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ፖሉ አነሱና፣

«ይቆጥባል ነው የምትለኝ? ልጄ፣ ይሄ የኛው ከጠፋ ሦስት ወሩ። ከዚህ በላይ ምን ይቆጥብ?» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ቀደድኩት ልላችሁ ነበር። አልቀደድኩትም፤ ሁለተኛውን የጻፍኩት ጀርባው ላይ ነው። ግን እንቅልፍ ነሱኝ። እውነታቸውን ነዋ! በኛ ቋንቋ መብራት ማለት ብርሃኑም ነው፣ ኤሌክትሪኩም ነው። «መብራት ሄደ» ስንል ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እንግዲህ «መብራት ይቆጥቡ» የሚል ሰው ለሰሚው «ጨለማ ይልመዱ» እንዳለ ነው። ቆጣቢ የሚለው ቃል ባንክ ቤት ያምርበታል። ማታ ብቻዋን ከሥራ ለምትገባ ልጅ ግን ቆጣቢ መብራት ማለት የሚሰስት መብራት ነው።

ሌላም አለ። ሱቅ ሄደን አምፖል ስንጠይቅ ባለሱቁ ምን ይለናል? «ባለስንት ሻማ?» ባለ 60፣ ባለ 100 እንላለን። ቃሉ ስለ ብርሃን የሚናገር ይመስላል፤ አምፖሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ዋት ነው፣ የሚበላው ማለት ነው። ባለ ክሩ አምፖል በነበረ ጊዜ ይሄ ማንንም አልጎዳም፤ ብዙ የበላ ብዙ ያበራ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተለያይቷል። ዛሬም በሻማ መቁጠራችን የቀን ሠራተኛን በሚበላው እንጀራ ብዛት መርጦ እንደመቅጠር ነው። እናም ጓደኛዬ መጥቶ «የ250 ዋቱን አንስተን የ100 ዋት እንሰቅላለን» ሲል ሰፈሩ የሚሰማው «250 ሻማችሁን ወስደን 100 ሻማ ሰጠናችሁ» የሚል ነው። ሰው ቢቆጣ ይፈረድበታል?

ታዲያ ስለ ቆጣቢ አምፖል ተነግሮን አያውቅም ወይ? ያውቃል። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን፣ መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል ላመጣ ሰው ቆጣቢውን በነፃ ይሰጥ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል ታድሏል። ያን ጊዜ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገም፤ አሮጌውን ይዘህ ትሄዳለህ፣ አዲሱን ይዘህ ትመለሳለህ፣ በወሩ መጨረሻ ሂሳቡን በገዛ ዓይንህ ታየዋለህ። የመንገዱ መብራት ግን ቆጣሪው የማንም ቤት ግድግዳ ላይ አይደለም። ቀነሰ ቢሉህ ከማን ኪስ? እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ቅስቀሳ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ የማንም ያልሆነውን ሂሳብ ሰው በሚያውቀው ነገር ቆጥሮ ማሳየት።

ስለዚህ ቆጠርኩ። ያ ቢጫው፣ የሶዲየም የሚባለው መብራት፣ ባለ 250 ዋቱ፣ አብሮት ያለው መሣሪያ የሚወስደው ሲጨመርበት ወደ 275 ዋት ይደርሳል። የኛ ሌሊት ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ያህል ነው። በሌሊት 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ይሄን ቁጥር በሬዲዮ ብናገረው አንድ ሰው አይዝልኝም። ግን ቤታችሁ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። እንግዲህ አንድ ቢጫ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚበላው አንድ ሰዓት ያህል እንጀራ የሚጋገርበትን ነው። ባለ 100 ዋቱ ኤልኢዲ የሚበላው የ20 ደቂቃውን ነው። በዓመት ከአንድ ፖል ብቻ ከ200 ሰዓት በላይ የምጣድ ኃይል ይተርፋል። ይሄን ለእናቴ ብነግራት «እና እኛ ሰፈር ስንት ፖል አለ?» ብላ ትጠይቀኛለች። እኔም የምፈልገው እንድትጠይቀኝ ነው።

ጓደኛዬን የምጣዱ ነገር አስደሰተው። ቀጥሎ የጻፍኩት ግን አላስደሰተውም። እውነቱን ለመናገር፣ ከአዲሱ መብራት የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ከአሮጌው ያንሳል። ቢጫው ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይረጨዋል፤ ግድግዳው ላይ፣ ዛፉ ላይ፣ ሰማዩ ላይ። ኤልኢዲው ወደታች፣ ወደ አስፋልቱ ያወርደዋል። ሥራው በደንብ ከተሠራ መንገዱ ላይ የሚደርሰው አይጎድልም፤ በቢጫው ሥር አንድ የሚመስለው ቀይና ቡናማም ይለያል። ብር ሲመነዝር ለሚቸገር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የግቢ አጥር ይጨልማል። ከአጥሩ ሥር የሚያድሩት ዘበኛ ይሄን በመጀመሪያው ሌሊት ያዩታል። «ለምን አልነገራችሁንም?» ሲሉ መልሱ ምንድን ነው?

እንዲህ ያለ ለውጥ ሰው ሲያስቆጣ ሌላም አገር ታይቷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴቪስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለች። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 አዳዲስ ኤልኢዲዎች ስትሰቅል ነዋሪዎቹ ጮኹ፤ ነጭ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፣ መኝታ ቤት ይገባል አሉ። ከተማዋ ገና አዲስ የሆኑትን መብራቶች አውርዳ ሞቅ ባለ ቀለም ለመተካት ሁለተኛ ወጪ አወጣች። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ 2,700 ወደ ሻማው ቢጫነት ይጠጋል፣ ከ4,000 በላይ ሲሄድ እየነጣ ይሄዳል። በ2016 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የመንገድ መብራት ከ3,000 ባይበልጥ ይሻላል ብሎ መክሯል። በአንጻሩ ሎስ አንጀለስ ከ2009 ጀምሮ በአራት ዓመት 140,000 ያህል መብራት ቀይራ የሚበሉትን ኃይል ከግማሽ በላይ ቀንሳለች። ስለዚህ ዕቃውን አላማም። እኔ ብሆን ግን ከፖስተሩ በፊት አንድ መንገድ እመርጣለሁ፤ ግማሹ ላይ አንዱን ቀለም፣ ግማሹ ላይ ሌላውን እሰቅልና ሰፈርተኛውን ማታ 2 ሰዓት ላይ አብረን እንሂድ እላለሁ። ዘበኛውን፣ ባለ ባጃጁን፣ ከማታ ትምህርት የሚመለሱትን። ቲሸርት ማሳተም አያስፈልግም። (ቲሸርት የሌለው ቅስቀሳ በኛ አገር ቅስቀሳ ይባል እንደሆነ እንጃ!)

ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ «50,000 ሰዓት ያገለግላል» የምትለዋንም አወጣኋት። በኛ ሌሊት ሲቆጠር ከ11 ዓመት በላይ ነው። ያን ያህል የሚኖረው ብርሃን ሰጪው ክፍል ነው፤ ኃይል የሚያቀብለው መሣሪያ ግን መብራት ሄዶ በኃይል በተመለሰ ቁጥር ይመታል፤ መከላከያ ካልተገጠመለት ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። 11 ዓመት ብለህ በሁለተኛው ዓመት ሲጠፋ የሚጠፋው መብራቱ ብቻ አይደለም። ይልቅ የሚታይ ነገር ልንገራቸው፤ ቢጫው መብራት ሄዶ ሲመጣ እስኪሞቅ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ አዲሱ ወዲያው ይበራል።

በቀትር የሚበራ ፖልስ? ፀሐይ መውጣቷን የሚያየው ዓይኑ ተበላሽቶ ወይ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን ምክንያቱን አያውቅም፤ የሚያየው «ቆጥቡ» የሚለውን ሰሌዳና ከሰሌዳው በላይ በጠራራ ፀሐይ የሚበራውን መብራት ነው።

ሁለተኛው ማስታወቂያ እነሆ። ክራር የለውም።

«ቢጫው የመንገድ መብራት በአንድ ሌሊት አንድ ሰዓት እንጀራ የሚጋገርበትን ኃይል ይበላል። አዲሱ የ20 ደቂቃውን ብቻ። ብርሃኑ የሚወርደው ወደ መንገዱ ነው፤ ስለዚህ አጥርዎ ከበፊቱ ሊጨልም ይችላል። ከጠፋ፣ ወይም ቀን በርቶ ካዩት፣ ፖሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘው በዚህ ስልክ ይደውሉልን።»

ጓደኛዬ አንብቦ «ቆጣቢ የሚለው ቃል የታለ?» አለኝ። «አጥርዎ ሊጨልም ይችላል» የምትለዋንም ብናወጣትስ አለ። አላወጣትም አልኩት። እስካሁን ክርክር ላይ ነን።

ትናንት ማታ ይሄንኑ ይዤ በቆሎ ጠባሿ እናት ዘንድ ሄድኩ። ፖሉ እንደጠፋ ነው። አነበብኩላቸው። ምጣዱ ላይ ሲደርስ «እህ» አሉ። መጨረሻውን ሲሰሙ ማራገቢያውን አስቀመጡና ከመቀነታቸው ስልካቸውን አወጡ።

«በል ቁጥሩን ንገረኝ።»

የጓደኛዬ መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ገና አልላከልኝም። ወረቀቱ ላይ ቦታው ነጥብ ነጥብ ነጥብ ነው።