የሮቶ ውሃ ሞልቶ እንዳይፈስ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለነዋሪው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ስለ ውሃ መጥፋት ሳይሆን ስለ መፍሰሱ ነው። በአዲስ አበባችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ቧንቧው ደረቅ ነው ተብሎ ተከፍቶ ይረሳል፤ ውሃው ሌሊት ይመጣል፤ ቤቱን ሞልቶ ወደ ታች ጎረቤት ይወርዳል። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ከሥሩ ውሃ ከጠጣ ይላላል፣ ውሎ አድሮም ይናዳል።

ስለሆነም፦

አንደኛ፣ ከመተኛታችንና ከቤት ከመውጣታችን በፊት ቧንቧውን ሁሉ፣ ደረቅም ቢሆን፣ እንዝጋ። ልጆችንም እናስለምድ።

ሁለተኛ፣ በሮቶው ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ ውሃው ሲሞላ ተነስታ መግቢያውን ትዘጋለች። ቆሻሻ ከያዛት ወይም ከተቀደደች ግን አትዘጋም። ውሃ በሚገባበት ሰዓት በእጃችን ከፍ አድርገን እንሞክራት፤ ውሃው ካልቆመ በቶሎ እናስለውጣት።

ሦስተኛ፣ የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ከመግቢያው የሰፋ ይሁን። ጫፉም ወደ ቦይ እንጂ ወደ ሰው ግድግዳ አይዙር። የሮቶው መቆሚያ ሥርም አይፍሰስ። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 2,000 ኪሎ ይመዝናል፤ አፈሩ ከራሰ መቆሚያው ያዘነብላል።

አራተኛ፣ ቤት የገባ ውሃ ሶኬት ወይም ገመድ ከነካ ማንም አይርገጠው። ማጥፊያው ደረቅ ቦታ ከሆነ መብራቱን ከዚያ እናጥፋ፤ ካልሆነ ባለሙያ እንጥራ።

ጎረቤት ከቤቱ ከሌለና ውሃው ሲፈስ ካየን፣ የኔ አይደለም ብለን አንለፍ፤ ደውለን እንንገረው። የአንዱ ቤት ውሃ ለሌላው ጎርፍ እንዳይሆን አደራ እንላለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ