«ምን ጎደለኝ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም
(በእድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን አንድ አባት «ልጄ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ወደቀ፤ ያለ ዘመድ ምን ሥራ ይገኛል!» ሲሉ ሰማሁ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበር።

ለንብረት ክፍል ሠራተኛነት ተወዳድሬ፣ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እንደሚሆን አጥርቼ መለስኩ። በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ግን ስሜ የለም። ሁለት ሳምንት አኮረፍኩ፤ ሰውም አማሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ «ከምታማ ሄደህ ለምን አትጠይቅም?» አለችኝ።

ሄድኩ። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊውን «ውጤቱን ይለውጡልኝ አልልም፤ ለወደፊቱ እንድታረም ምን እንደጎደለኝ ይንገሩኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «ዕቃ ቢጎድል ምን ታደርጋለህ ብንልህ ከኪሴ እተካለሁ አልክ። ጉድለት በጽሑፍ ለአለቃ ይገለጻል፣ ቆጠራ ይደረጋል እንጂ በኪስ አይሸፈንም» አሉኝ። ለካስ ታማኝነቴን አሳየሁበት ብዬ የኮራሁበት መልስ ነው የጣለኝ! በሌላ መሥሪያ ቤት ያው ጥያቄ ሲመጣ አልተሳሳትኩም።

እርግጥ ነው፤ አመናጭቆ የሚመልስም ኃላፊ አለ፤ አድልዎም የለም አልልም። ቢሆንም በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅን መብት አድርጎታል። እንግዲህ ልጆቻችን ሲወድቁ አብረን አናኩርፍ። ፈታኞቹ ሳይረሱት ሄደው በትሕትና እንዲጠይቁ እንምከራቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።