ስካነሩ «አልገናኝም» ሲል
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች፣ ለአሽከርካሪዎችና ለኅብረት ሥራ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)






ከጠዋቱ ጀምሮ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተነግሯል። ለእኔ የተሰጠኝ ጉዳይ ይህንን ሁሉ ተሸክሞ ስለሚሄደው የናፍጣ መኪና ነው። እሱም መላው መኪና ሳይሆን፣ ከመሪው ሥር ያለችው የኮምፒዩተር መመርመሪያ ሶኬት ናት። «ይህ የመካኒክ ነገር ለገበሬ ምን ያደርግለታል?» የምትሉ አትጠፉም። ተገቢ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ማዳበሪያ በኮምቦልቻና በወልድያ አልፎ፣ የዲልብን አቀበት ወጥቶ፣ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ 64 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው ላሊበላ የሚገባው። ከዚያ ወዲያ ወደየቀበሌው የሚያደርሱት የማኅበራቱ አሮጌ መኪኖች ናቸው። በሰኔ አንድ መኪና ለአሥር ቀን ጋራዥ ከቆመ ዩሪያው መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፣ ዝናቡ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ጋራዡ «ስካነሩ ሊገናኝ አልቻለም፤ ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል፤ አዲስ ይገዛ» ብሎ ወረቀት ሲልክ፣ ያ ወረቀት የሚቀርበው ለእናንተ ነው። የምትፈርሙት ሊቀመንበሩና ሒሳብ ሹሙ ናችሁ። ገንዘቡም የአባላቱ ነው። እኔ የምለው፣ ስካነሩ አለመገናኘቱ ብቻውን ስለ ኮምፒዩተሩ ምንም አልተናገረም ነው። የተናገረው ሁለቱ አለመነጋገራቸውን ብቻ ነው። ስልክ ደውላችሁ ሰው ባያነሣ ሞቷል አትሉም፤ ኔትወርክ ይሆናል፣ ባትሪ ይሆናል፣ ቁጥሩ ተሳስቶ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ለመሆኑ መኪናው ኮምፒዩተር አለው ወይ? የሚል ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። አባቶቻችን የሚያውቁት ፊያት 682 ኤን 3 አንዲት የኮምፒዩተር ሽቦ የለውም። ናፍጣውን የሚለካውና የሚረጨው በማርሽ የሚዞረው ፖምፓ ነው። ዛሬም በየገጠሩ የሚሠራው 4ኤችጂ1 ሞተር ያለው አይሱዙ ኤንፒአር በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ ነው። ከሲኖትራክም ቢሆን የድሮዎቹ ብዙዎች እንዲሁ ናቸው። እነዚህን በስካነር ልመርምር ማለት በሬን በቴርሞሜትር አርሶ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ኮመን ሬል የሚባለው አሠራር ያላቸው፣ ለምሳሌ 4ኤችኬ1 የተገጠመላቸው አይሱዙዎች ግን የተለዩ ናቸው። እነሱ ላይ ኖዝሉ የሚከፈተው ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ሲሰጠው ብቻ ነው። በመሆኑም ማኅበሩ መኪና ሲገዛ ከሊብሬው ላይ የሞተሩን ዓይነትና ቁጥር በመዝገብ ያስፍር። መካኒኩ ከመምጣቱ በፊት መልሱ በእጃችሁ ይሆናል።

ከዚህ ላይ ሾፌሮች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሞተሩ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሆኖ፣ መኪናው እየተነሣ እየሄደ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ሞቷል ማለት አይቻልም። የሞተ ኮምፒዩተር ኖዝል አይከፍትም። የመነጋገሪያው ክፍል ብቻ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከኮምፒዩተሩ ውጭ፣ በሶኬቱና በሽቦው መንገድ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሶኬቷ እንሂድ። 16 ቀዳዳ ያላት፣ አንደኛው ጎኗ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ያለ ናት። ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ ፊት ለፊት ብታዩአት ከላይ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ ከታች ከ9 እስከ 16 ትቆጠራለች። ይህች ሶኬት በአሜሪካ ለትንንሽ መኪኖች ግዴታ የሆነችው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። አውሮፓ ደግሞ ለናፍጣ አውቶሞቢሎች ከ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገድዳለች። የጭነት መኪና ግን ለብዙ ጊዜ ከዚህ ሕግ ውጭ ነበር። ስለዚህ አሮጌ የጭነት መኪና ላይ ሶኬቷ መኖሯ ብቻ ማንኛውም ስካነር ይናገራታል ማለት አይደለም። አንዳንዱ መኪና ጭራሽ ሌላ ቅርፅ ያለው ሶኬት ነው ያለው። በአገራችን በአምቼ ከተገጣጠሙት የኢቬኮ መኪኖች መካከል 30 ቀዳዳ ያለው ክብ ሶኬት የያዙ አሉ። እነሱ ተስማሚ ገመድ ይፈልጋሉ።

መለኪያ ቴስተር የያዘ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚከተለውን መጨረስ ይችላል። ቴስተሩን በ16ኛውና በ4ኛው ቀዳዳ መካከል ያድርግ። 16ኛው ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው፤ 4ኛው ሻንሲ ላይ የታሰረ ኔጋቲቭ ነው። ቀጥሎ 16ኛውን ከ5ኛው ጋር ይለካ፤ እሱም ኔጋቲቭ ነው። በሁለቱም የባትሪው ቮልቴጅ መታየት አለበት። ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰሩለት መኪና ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪዎቹ ሙሉ ሲሆኑ 25 ቮልት ገደማ ማለት ነው። ምንም ካልታየ ችግሩ ፊውዝ ነው ወይም የተበላ ሽቦ ነው። በብዙ መኪና ላይ ሶኬቷን የሚመግበው ፊውዝ የሲጋራ መለኮሻውን ከሚመግበው ጋር አንድ ነው። የሲጋራ መለኮሻው ዛሬ ሲጋራ አይለኩስም፣ ስልክ ነው የሚሞላው። ርካሽ ቻርጀር ሾርት ሲያደርግ ፊውዙ ይበጠሳል። ሾፌሩ ስልኩ አልሞላ ስላለው ብቻ ይናደዳል እንጂ የመመርመሪያው ሶኬት አብሮ እንደጠፋ አያውቅም።

ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። የአንድ መሠረታዊ ማኅበር አይሱዙ አቀበት ላይ ጉልበት አጥቶ፣ የሞተር መብራት በርቶበት አንድ ጋራዥ ገባ። ስካነሩ እምቢ አለ። የኮምፒዩተር ግዢ ጥያቄ ተጽፎ ለማኅበሩ ኮሚቴ ቀረበ። የኮሚቴው ሒሳብ ሹም አንዲት ሴት ናቸው፤ «መኪናው ራሱ ነድቶ ነው ወይስ ተጎትቶ የመጣው?» ብለው ጠየቁ። ነድቶ ነው የመጣው። እንግዲያው ሌላ ሰው ይየው ተባለ። የተበጠሰው የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ነበር። እሱ ሲቀየር ስካነሩ ተገናኘና የናፍጣ ግፊት ማነሱን ተናገረ። ፊልትሮው ተደፍኖ ኖሯል። ማኅበሩ ያወጣው የፊውዝና የፊልትሮ ዋጋ ነው።

ኤሌክትሪኩ በትክክል ከደረሰ በኋላ ነው ወደ መነጋገሪያው ሽቦ የሚኬደው። ቆየት ያሉት መኪኖች በአንድ ሽቦ ይነጋገራሉ፤ እሱም በአብዛኛው 7ኛው ቀዳዳ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ወደ ባትሪው የተጠጋ ቮልቴጅ ያሳያል። ዜሮ ካሳየ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ሻንሲ ነክቷል። አዲሶቹ በ6ኛውና በ14ኛው፣ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ይነጋገራሉ። ባትሪው ተነቅሎ በሁለቱ መካከል ኦም ሲለካ 60 ገደማ መሆን አለበት። 120 ከሆነ በአንደኛው ጫፍ መስመሩ ተቋርጧል፤ ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ልኬቱ ባትሪው ሳይነቀል ከተወሰደ ቁጥሩ አይታመንም። መካኒኩ ይህን ሲያደርግ ካያችሁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

በእኛ አገር ሽቦ የሚያበላሸው ምንድን ነው? በጠጠር መንገድ መንቀጥቀጡ አንደኛው ነው። አቧራና የክረምት ውኃ ሶኬቷ ውስጥ ገብተው ዝገት ያመጣሉ፤ ቀዳዳዎቹን በባትሪ መብራት ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል። መኪና ለወራት ሲቆም አይጥ ይበላዋል፤ እህል የጫነ መኪና ከሆነማ ልትገምቱት ትችላላችሁ። ከሁሉም የባሰው ግን የሰው እጅ ነው። ጂፒኤስ፣ የፍጥነት መገደቢያ፣ ቴፕና ማንቂያ ደወል ሲገጠም ሽቦ እየተላጠ በፕላስተር ይቀጠላል። ስካነሩ ድሮ ይገናኝ የነበረና አሁን እምቢ ያለ ከሆነ፣ «ከዚያ ወዲህ ምን ተገጠመ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተገጠመውን ለጊዜው ነቅሎ መሞከር ወጪ የለውም።

ስካነሩም ራሱ ይፈተሽ። ለአውቶሞቢል የተሠራ ባለ 12 ቮልት መሣሪያ 24 ቮልት ባለው የጭነት መኪና ላይ ሲሰካ ሊቃጠል ይችላል። በስልክ የሚሠሩት ትንንሽ መሣሪያዎች ደግሞ ብዙዎቹ የጭነት መኪናን ቋንቋ አያውቁም። ቀላሉ ማጣሪያ ያንኑ ስካነር ተመሳሳይ ሞዴል ባለው ሌላ መኪና ላይ መሰካት ነው። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ ከመኪናው ነው፤ እዚያም ካልሠራ መኪናውን ልቀቁት። ባትሪው ደክሞ ሞተሩ ሲነሣ ቮልቴጁ የሚወድቅ ከሆነም ግንኙነቱ መሐል ላይ ይቋረጣል። ሌሊት ብርድ ባለበት በእኛ ደጋ ይህ ጠዋት ጠዋት ይታያል።

ከተገናኘም በኋላ አንድ የላስታ ነገር አለ። ስካነሩ የአየር ግፊትን ያሳያል። መጻሕፍቱ የተጻፉት ለባሕር ጠለል ስለሆነ 100 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይጠብቃሉ። ላሊበላ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ትክክለኛው ንባብ 75 ገደማ ነው። ጋሸና ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይህንን አይቶ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» የሚል ባለሙያ ከቆላ የመጣ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ጭነት የያዘ አሮጌ መኪና አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ ቢያወጣና ጉልበቱ ቢቀንስ ከፊሉ የአገሩ ጠባይ ነው።

ለኮሚቴዎችና ለወረዳ ባለሙያዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የኮምፒዩተር ግዢ ጥያቄ ሲቀርብ አብረው አራት ቁጥሮች ይጻፉ፦ ከ16 ወደ 4 ስንት ቮልት፣ ከ16 ወደ 5 ስንት ቮልት፣ በመነጋገሪያው ሽቦ ላይ ስንት፣ መኪናው ሲገባ ሞተሩ ይነሣ ነበር ወይስ አይነሣም። ኦዲተርም ቢመጣ የሚመረመር ነገር ይኖረዋል። ለዩኒየኑ ደግሞ ባለ 24 ቮልት አንድ ደህና ስካነርና ጥቂት ቴስተሮች ተገዝተው አባል ማኅበራት በየተራ እንዲጠቀሙባቸው ለቦርዱ አሳስባለሁ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪዎቻችንም የተግባር ልምምዳቸውን በእነዚህ መኪኖች ላይ ቢያደርጉ ሁለታችንም እንጠቀማለን። ከምሳ በኋላ አንድ አይሱዙ ግቢው ውስጥ ይቆማል፤ ልኬቱን በእጃችሁ መሞከር የምትፈልጉ ሾፌሮች እዚያ አገኛችኋለሁ።