ስለ አለቃነትና ስለ ጠባይ
በደብራችን የ50ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ቀን የተነገረ ንግግር



ስለ ደብራችን አመሠራረት ከእኔ የሚበልጡ አባቶች ነግረውናል። እኔ የታዘዝሁት ማኅበርን ለሚመራ ሰው ምን ዓይነት ጠባይ እንዲገባው ጥቂት እንድናገር ነው። የሰበካ ጉባኤያችንም ምርጫ ስለ ቀረበ፤ ነገሩ ለበዓል ማድመቂያ ብቻ የሚነገር አይደለም።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ሆኜ ባገለገልሁበት ዘመን ትጉህ ነበርሁ። ማለዳ እመጣለሁ፤ ሲመሽ እመለሳለሁ። ነገር ግን የዕቃ ቤቱ ቍልፍ በኪሴ፤ የሥራው መዝገብ በቤቴ፤ ከግንበኛው ጋራ የተዋዋልነውም ቃል በልቤ ብቻ ነበረ። ይህም ታማኝነት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ታምሜ ሁለት ወር ብተኛ የአጥሩ ሥራ ቆመ፤ ሲሚንቶውም ርጥበት ገብቶበት ድንጋይ ሆነ። ሊረዱ የመጡት ወጣቶች ቍልፍ የያዘ ሰው ስላላገኙ ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዳግመኛ አልመጡም። የሲሚንቶው ዋጋ ተተካ፤ የእነዚያ ልጆች ፈቃድ ግን አልተተካም። ያን ጊዜ በትጋቴ ውስጥ ትዕቢት ተሸሽጎ እንደ ነበረ ዐወቅሁ።

በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈ፤ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየው። ይህ አካሄድ ሙሴንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነግሮ፤ የሺህና የመቶ፤ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ስለሚሾሙትም ሰዎች ሲናገር ድምፃቸውን ወይም ሀብታቸውን አላነሣም። ችሎታ ያላቸው፤ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፤ እውነተኞችና የግፍ ጥቅምን የሚጠሉ ይሁኑ አለ እንጂ። ሙሴም የአማቱን ምክር ሰምቶ እንዳለው አደረገ። ምክርን መስማትም ራሱ ከመሪ ጠባዮች አንዱ ነው።

በዘመናችንም የሰውን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን ነገር በቍጥር ለማወቅ ደክመዋል። በ2002 ዓ. ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ቲሞቲ ጃጅ የሚባሉ አሜሪካዊ መምህር ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው ቀድሞ የተደረጉትን ብዙ ምርመራዎች በአንድነት ሰብስበው መዘኑ። ጠባይንም በአምስት ከፈሉት፤ እነዚህም ከሰው ጋራ መጫወትና መናገር መውደድ፤ ትጋት፤ ለአዲስ ነገር አእምሮን መክፈት፤ ገርነት፤ አምስተኛውም ቶሎ መጨነቅ ነው። ቍጥሩ ወደ 1 በቀረበ መጠን ዝምድናው ይጠነክራል።

ከዚህ ሁሉ እኔን እጅግ ያስገረመኝ አንድ ነገር ነው። መናገር የሚወድ ሰው በሰው ፊት መሪ ሆኖ ከመታየት ጋራ ያለው ዝምድና 0.33 ሲሆን፤ መልካም አድርጎ ከመምራት ጋራ ያለው ግን 0.24 ነው። ገርነት ደግሞ መሪ ሆኖ ከመታየት ጋራ ያለው ዝምድና 0.05 ብቻ ነው፤ መልካም አድርጎ ከመምራት ጋራ ያለው ግን 0.21 ነው። እንግዲህ ገር ሰው በጉባኤ መካከል አይታይም፤ ሥራ በተሰጠው ጊዜ ግን ይጠቅማል ማለት ነው። ይህም ከብዙዎች ተሰብስቦ የተገኘ እንጂ በአንዱ ሰው ላይ የሚፈረድበት አይደለም። ተናጋሪ ሁሉ ባዶ አይደለም፤ ዝምተኛም ሁሉ ጥበበኛ አይደለም። ነገር ግን እኛ ስንመርጥ በድምፅ እንደምንታለል ያስጠነቅቀናል።

ከአገራችንም ምሳሌ አለን። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 ዓ. ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ የነበረውን ረኀብ አዩ። ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተ ሰባቸው ይህን ባልተቀበለ ጊዜ ከልጆቹ ጋራ መኖርን መረጡ። ሹመት የሰጣቸው፤ መርጦም የላካቸው አልነበረም። ሥራውን ያስጀመራቸው ርኅራኄ ነው፤ ያጸናው ግን ትዕግሥትና ሥራው በማኅበር መቋቋሙ ነው። ስለዚህ በ2021 ዓ. ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ባረፉ ጊዜ የጀመሩት ሥራ አብሮአቸው አልተቀበረም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በምርጫው ቀን ስለ ሰውዬው ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሲነቅፉት ይሰማልን? የተቀበለውን ገንዘብ ሳይጠየቅ ያስቈጥራልን? እርሱ በሌለበት ቀን ሥራው ይሄዳልን? ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ራሴን ሳልጠይቅ ቀርቼ ደብሩን ጎዳሁ። ከኋለኛው ወንበር ተቀምጠው ዝም የሚሉትንም፤ ወጣቶችንና ሴቶችን፤ ዞር ብለን እንያቸው።

አባቶቻችን ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ። ይህ የኀምሳ ዓመት ሥራ ለአንድ ሰው ሸክም ሳይሆን ለሁላችን ጌጥ እንዲሆን እግዚአብሔር ይርዳን። ቍልፉንም ለልጆቻችን የምናስረክብበትን ልብ ይስጠን። አሜን።