ምት የሚዘል ሞተር
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «በሥራ ዓለም የተማርሽውን አንድ ነገር አካፍይን» ሲለኝ ስለ ልብ ሕክምና አወራለሁ ብሎ ገምቶ ይሆናል። ልብ ላይም እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ቪትዝ ልናገር። ስገባ ውጭ የቆሙትን መኪኖች አይቻቸዋለሁ፤ ጉዳዩ ብዙዎቻችንን ሳይመለከት አይቀርም።

መኪናዬ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ የ1.0 ሊትር ቪትዝ ነበረች። በ2011 ክረምት ምት መዝለል ጀመረች። ጠዋት ሳስነሳት ትንቀጠቀጣለች። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስትወጣ ጉልበት ታጣለች፤ የሞተሩ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። ጋራዥ ስትደርስ ግን ምንም እንዳልነበረባት ጸጥ ብላ ትሠራለች። ይህን ታሪክ ከስንት ታማሚ ሰምታችኋል? «ዶክተር፣ ቤት እያለሁ እኮ ሊገድለኝ ነበር፤ እዚህ ስደርስ ተወኝ።»

ነገሩ ቀላል አይደለም። አንድ ሲሊንደር ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር አንድ ጊዜ ያቃጥላል። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ በሰከንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ መሥራት ሲያቆም የጉልበቱ ሲሶ ሄደ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ደግሞ ወደ ጭስ ማውጫው ገብቶ ካታሊስቱን ያቃጥለዋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ሦስቱንም ካንዴላ ቀየረልኝ። ለአራት ቀን ዳነች። አምስተኛው ቀን ተመለሰባት። ኢንጀክተሩ ታጠበ፤ ለአንድ ሳምንት ዳነች፤ ተመለሰባት። ቀጥሎ «የቤንዚን ፓምፓ ይቀየር» ተባለ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ እየመጣ የሚሄድ ችግር ምንም ብታደርጉለት ለጊዜው ይድናል። ካንዴላ ብትቀይሩ ይድናል፤ ጸበል ብትረጩት ይድናል፤ ዝም ብትሉትም ይድናል። እነዚያ አራት ቀናት ዝናብ ያልዘነበባቸው ቀናት ነበሩ፤ የካንዴላው ውጤት አልነበረም። በጉንፋን ለመጣ ሰው አንቲባዮቲክ ሰጥተን በአምስተኛው ቀን «አየህ፣ ሠራ!» እንደምንለው ማለት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አትክልት ተራ ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ ጋሼ ላከኝ። አብዛኛው ሥራቸው ከመቂና ከዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው የሚመጡ አይሱዙዎች ናቸው። ቲማቲም ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። አንዱን ነገር ቀይሮ፣ «እስቲ ነገ እናየዋለን» ብሎ የሚያድር ባለ ጭነት የለም። በዚህ ምክንያት ጋሼ ዕቃ ከመፍታታቸው በፊት ብዙ ይጠይቃሉ።

ኮፈኑን ሳይከፍቱ ጀመሩኝ። «ልጄ፣ ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ሜዳ ላይ ነው ዳገት ላይ? ከዝናብ በኋላ ይብሳል? ቤንዚን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው የምትቀጂው?» ቀጥለው ደግሞ እስካሁን ያልረሳሁትን ጠየቁ፦ «መቼ ነው ፈጽሞ የማይነካት?» እኔም አሰብኩና፣ ደረቅ ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ ከሞቀች በኋላ ፈጽሞ እንደማይነካት ነገርኳቸው። «እንግዲያው መብራቱ ነው፤ ቤንዚኑ አይደለም» አሉ። መብራት የሚሉት የካንዴላውን ብልጭታ ነው።

ምክንያቱን አስረዱኝ። ኮይሉ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ በርካታ ሺህ ቮልት ያሳድጋል። ዳገት ላይ ቤንዚን ስንረግጥ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ብልጭታው ያን ግፊት ሰብሮ ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። የኮይሉ ጎማ ስንጥቅ ካለው፣ እርጥበት ከገባበት ደግሞ መብራቱ ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በስንጥቁ ሾልኮ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ይደርቃል፤ ችግሩም አብሮ ይጠፋል።

ይህ ገና ግምት ነው። ኮምፒውተሩን ሲያነቡት ኮዱ ፒ 0302 ነበር፤ ሁለተኛው ሲሊንደር ይስታል ማለት ነው። የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይነግራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግርም። ጋሼ አዲስ ዕቃ አላስገዙኝም። የሁለተኛውን ኮይል ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውን ወደ ሁለተኛው አዛወሩና «ሌላ ምንም አልነካሁም። ኮዷን አጥፍቻታለሁ። ዝናብ ሲዘንብ ዳገት ውጪና ነይ። 0301 ካለች ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ሄዷል። 0302 ብላ ከቀረች ኮይሉ ነጻ ነው፤ ካንዴላውን እናዛውራለን፤ ከዚያ ኢንጀክተሩን» አሉኝ። ውጤቱ ምን ቢሆን ምን ማለት እንደሆነ ከመሞከራቸው በፊት ተናገሩ። ብዙ የምርምር ጽሑፍ የሚጎድለው ይኸው ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ዘነበ። ኮዱ 0301 ሆነ። ማታ መብራት አጥፍተው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በመርጫ ትንሽ ውሃ ነፋ አደረጉበት፤ በኮይሉ ጎማ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሰማያዊ ብልጭታ ወጣች። (እናንተ በእጃችሁ እንዳትነኩት፤ ይመታል።) ከሶማሌ ተራ አንድ ኮይል ገዛሁ። ጋሼ ግን «ድናለች» አላሉም። «ሁለት ዝናብ ትለፍና ንገሪኝ» አሉ።

ገበያው በ2012 በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ጋሼም ደንበኞቻቸውን ተከትለው ሄዱ። የጻፉት ነገር የለም፤ እኔ ግን በዚያው ዓመት ትምህርታቸውን ተጠቀምኩበት።

አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሽንኩርት ነጋዴ ልቧ እየተንቀጠቀጠ ሦስት ቦታ ሄዳ ነበር። ሦስቱም ቦታ ኢ.ሲ.ጂ. ተነሥታለች፤ ሦስቱም ኖርማል ነው። ካርዷ ላይ «ጭንቀት» ተጽፏል። አንድ ኢ.ሲ.ጂ. የሚቀዳው 10 ሰከንድ ነው። ቀኑ 86,400 ሰከንድ አለው። ሦስቱን ብንደምር ግማሽ ደቂቃ አየናት ማለት ነው፤ ያውም ባልታመመችበት ሰዓት።

እንደ ጋሼ ጠየቅኳት። እንዴት ይጀምርሻል? «ዶክተርዬ፣ ቦግ ነው የሚለው።» እንዴት ይተውሻል? «እልም።» ሲተውሽስ? «ሽንት በሽንት ያደርገኛል።» ምን ሲያደርጉለት ይተዋል? «ቀዝቃዛ ውሃ ጭልጥ ሳደርግ አንዳንዴ ይለቀኛል።» እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች ሁሉ ምርመራውን ከንፈራችሁ ላይ አድርሳችሁታል። ጭንቀት እንዲህ ቦግ እልም አይልም።

ይህም ግን ገና ግምት ነው። ኖርማን ሆልተር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የልብን ምት ከሰው ጋር እየተራመደ የሚቀዳ መሣሪያ ሲሠራ 38 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ በጀርባ ይታዘላል። ዛሬ ኪስ ይገባል፤ ለእሷ ግን አቅሟ አልፈቀደም። ስለዚህ አንድ ወረቀት ጻፍኩላት፦ «ይህች ታካሚ ልቧ ሲጀምራት ከመጣች፣ ከምንም ነገር በፊት ኢ.ሲ.ጂ. ይነሣላት።» መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት ጭነት ሲራገፍ ጀመራት፤ በአቅራቢያዋ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሮጠች። ተረኛው ኢንተርን ወረቀቱን አነበበና አነሣላት። በደቂቃ 190፣ ወጥ፣ ጠባብ ኮምፕሌክስ። ተያዘ! መድኃኒት ጀመረች፤ ሲጀምራት በራሷ የምታስቆምበትን ማማጥም ተማረች። ያቺ ሴት ለሁለት ዓመት «ሐሳብሽን ቀንሺ» ስትባል ኖራለች።

መምህሮቻችን፣ ልለምናችሁ የመጣሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪዎቻችሁ ሂስትሪ ሲወስዱ «መቼ ነው የሚያምዎት?» ብለው እንዳያቆሙ፤ «መቼ ነው ፈጽሞ የማይነካዎት?» ብለውም ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ካርድ ላይ «ምንም የለም» መጻፍ ይቅርልን። «በምርመራው ሰዓት አልታየም» እንጻፍ። ልዩነቱ የሁለት ቃላት ብቻ ይመስላል። የመጀመሪያው ግን ቀጥሎ የሚያያትን ሐኪም በር ይዘጋበታል፤ ሁለተኛው «ሲመጣ ያዘው» ይለዋል። ያ ኢንተርን አንዲት ወረቀት አምኖ ማሽኑን ስላስነሣ አንድ ሰው ስሙ የታወቀ፣ የሚታከም ሕመም አገኘ። እሱም ከእኛ ትምህርት ቤት የወጣ ነው።