የገበያን ዋጋ ማወቅ የገጠሩ ወንድማችን ሐቅ ነው
(በሬዲዮ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርእሳችን ፈጣን ገመድ አልባ ኢንተርኔት ወደ ገጠር ቤቶችና ንግድ ቤቶች መድረሱ ነው። «ይህ የመሐንዲስ ጉዳይ እንጂ የኢማም ጉዳይ ነውን?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን መርካቶ ውስጥ ሚዛን ይዞ የቆመን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ ጭነው ወደ ከተማ የሚመጡ ሰዎችን፣ ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን እንደከለከሉ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሙስሊም ዘገባ እንደተገለጸው፣ እንዲህ የሸጠ ሰው ገበያ ከደረሰ በኋላ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ አለው። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት የክልከላው ዓላማ ሻጩ እንዳይታለል ነው ብለዋል፤ የማሊኪይ ሊቃውንት ደግሞ የገበያውን ሰው ጥቅም ለመጠበቅ ነው ብለዋል። በሁለቱም በኩል ስናየው፣ ዋጋን የሚያውቅ ሰው የማያውቀውን ቀድሞ አግኝቶ እንዳይጎዳው ተከልክሏል።

ዛሬ በግመል ወጥቶ ነጋዴን መንገድ ላይ የሚጠብቅ የለም። ይሁን እንጂ በማረቆ ወይም በሀላባ በርበሬ የሚያመርት ገበሬ ያለበትን ሁኔታ እንመልከት። ሰብሳቢው ገና በጠዋት መርካቶ ደውሎ የዕለቱን ዋጋ ያውቃል። ገበሬው የሚያውቀው ሰብሳቢው የነገረውን ብቻ ነው። «ገበያው ወድቋል» ከተባለ፣ ለእርሱ ወድቋል ማለት ነው። ማዳበሪያ የሚገዛበትና ልጆቹን የሚያስተምርበት ገንዘብ በአንድ ሰው ቃል ይወሰናል።

ስልክ መደወል መልካም ነው፤ ነገር ግን ስልክ የሚያገናኘው ከአንድ ሰው ጋር ነው። ኢንተርኔት ያለው ገበሬ የብዙ ቦታ ዋጋ ያወዳድራል፣ የምርቱን ፎቶ ለብዙ ገዢ ይልካል፣ የእህል ተባይ ሲያጋጥመው ምስሉን ለባለሙያ ያሳያል። የገጠር ባለ ሱቅም ዕቃ ለማዘዝ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ማደር አይኖርበትም።

የዚህን ጥቅም በሌላ አገርም አይተነዋል። በሕንድ ኬረላ ዓሣ አጥማጆች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሞባይል ሲገባላቸው፣ ጀልባ ላይ ሆነው የየወደቡን ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው ዓሣ እንደቀረ፣ የአጥማጆቹ ትርፍ ወደ 8 በመቶ እንዳደገ፣ ለሸማቹም ዋጋው ወደ 4 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሻጩም ገዢውም ተጠቀሙ።

በአገራችንም ጅምር አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ግብይት ሲጀምር፣ ዋጋን በየከተማው ሰሌዳና በስልክ ማሳወቅን ሥራው አድርጎ ነበር። በ2006 ዓ.ም ለገበሬው ምክር የሚሰጠው የ8028 የስልክ መስመር ተከፈተ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሆኖ ገባ።

ታዲያ ለምን ሁሉም ቤት አልደረሰም? ለእያንዳንዱ ጎጆ ሽቦ መዘርጋት ውድ ስለሆነ፣ ገጠሩን የሚያዋጣው ገመድ አልባው ነው። ፋይበር እስከ ከተማው ይመጣል፤ ከዚያ ከማማ ወደ ማማ በሞገድ ይተላለፋል፤ ከመጨረሻው ማማ ደግሞ በስልክ ወይም በትንሽ የዋይፋይ ሳጥን ቤት ይገባል። ነገር ግን ተራራ ሞገዱን ይከልላል፣ መብራት በሌለበት ማማው የፀሐይ ኃይል ወይም ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው በአንድ ማማ ሲጠቀም ፍጥነቱ ይከፋፈላል። ማማው ቢኖርም እንኳ ዘመናዊ ስልክ መግዣ ያጣ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ውድ አድማጮች፣ ማማ መትከል የድርጅቶችና የመንግሥት ድርሻ ነው። የእኛም ድርሻ አለ።

አንደኛ፣ ነጋዴው ወንድሜ ሆይ! «ዋጋ ማወቅ የእኔ ካፒታል ነው፤ ለምን እነግራለሁ?» ትል ይሆናል። በማጓጓዝህ፣ በማበጠርህ፣ በማከማቸትህና ኪሣራን በመሸከምህ የምታገኘው ትርፍ ሐላል ነው። የገበሬው አለማወቅ ግን የአንተ ንብረት አይደለም። የዕለቱን ዋጋ ሲጠይቅህ መዋሸት ማጭበርበር ነው።

ሁለተኛ፣ በቴሌግራም የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥበት ሲያገኙ፣ ሻጩን እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው እንደገሠጹት ተዘግቧል። ፎቶ የሚያሳየው የጆንያውን አፍ ነው፤ የታችኛውንም አሳዩ። ዘመዶቻችሁም ያላዩትን ዕቃ አስቀድመው እንዳይከፍሉ አስጠንቅቁ።

ሦስተኛ፣ ለዐረፋ ወደ ስልጤና ወደ ጉራጌ አገር የምትገቡ የመርካቶ ልጆች! ለወላጆቻችሁ ከምትይዙት ስጦታ ጋር አንድ ስልክ ጨምሩ። ስልኩን ሰጥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ቁጭ ብላችሁ ዋጋ እንዴት እንደሚታይ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚገባ አሳዩአቸው። የምስጢር ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይናገሩ፣ በስልክ ብድር ሲቀርብላቸውም ወለድ እንዳለበትና እንደሌለበት ሳይጠይቁ «እሺ» የሚለውን እንዳይነኩ ምከሯቸው። ለሁሉም ቤት ስልክ ካልተቻለ፣ የመንደሩ ሰዎች ተዋጥተው በመድረሳው ወይም በትምህርት ቤቱ አንድ የጋራ ዋይፋይ ያስገቡ፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ የዕለቱን ዋጋ ለሽማግሌዎች ያንብብላቸው።

ገበሬው ዋጋውን አውቆ፣ በፈቃዱ ሲሸጥልን በገንዘባችን በረካ ይኖረዋል። አላህ ሐላል ሲሳይን ይስጠን፤ ሚዛናችንንም ምላሳችንንም ቀጥ ያድርግልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።